አልት+ታብ ለማን ይታዘዝ?

ሦስት ሰርቨር በዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ (ሩቅ ያለን ኮምፒውተር ከራስዎ ስክሪን የሚያሠሩበት ፕሮግራም) ሙሉ ስክሪን ከፍተዋል እንበል። ፕሮግራም መቀያየሪያውን አልት+ታብ ሲጫኑ የሚታዘዘው የቱ ነው፣ ሩቁ ሰርቨር ወይስ የራስዎ ኮምፒውተር? ይህን የሚወስኑት ከመገናኘትዎ በፊት፣ «ሎካል ሪሶርስስ» ገጽ ላይ፣ ኪቦርድ በሚለው ሥር ነው።

ለሩቁ ኮምፒውተር ከሰጡት፦ እጅዎ የለመደው ሁሉ እዚያው ይሠራል። ጣጣው መውጫው ነው። ወደ ሌላው ሰርቨር ለመሄድ መጀመሪያ በኮንትሮል+አልት+ብሬክ ከሙሉ ስክሪን መውጣት አለብዎት። ብዙ ላፕቶፕ ደግሞ ብሬክ የሚባል ቁልፍ የለውም። ያው ወደ ማውስ መመለስ ነው።

ለራስዎ ኮምፒውተር ካስቀሩት፦ አልት+ታብ ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ያዘልልዎታል። ሰርቨሩ ውስጥ ፕሮግራም ለመቀያየር አልት+ፔጅ አፕ፣ ለስታርት ሜኑ አልት+ሆም መልመድ ግን ግድ ነው። አደጋም አለው። ስክሪኖቹ መልካቸው አንድ ነው፤ እኔ አንዴ ተሳስቼ ሰው የሚሠራበትን ሪስታርት አድርጌዋለሁ። ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱን የስክሪን ጀርባ በተለያየ ቀለም ነው የማደርገው።

ኮንትሮል+አልት+ዲሊት በሁለቱም መንገድ የራስዎን ኮምፒውተር ነው የሚነካው። ለሩቁ ኮንትሮል+አልት+ኤንድ ይጠቀሙ።

ቀኑን ሙሉ አንድ ሰርቨር ላይ ለሚውል የመጀመሪያው ይሻላል። ለሚመላለስ ሁለተኛው። ምርጫው በየአርዲፒ ፋይሉ (የእያንዳንዱ ግንኙነት ቅንብር በሚቀመጥበት ፋይል) ስለሚቀመጥ ቀላቅሎ መያዝም ይቻላል።