«ራምፕ አለን» ያሉኝ ሆቴል

በጥር ወር ለወንድሜ ልጅ ሰርግ እናቴን ይዤ አዲስ አበባ ሰንብቼ ተመለስኩ። እናቴ 76 ዓመቷ ነው፤ ስትሮክ ከመታት ወዲህ ያለ ተሽከርካሪ ወንበር አትንቀሳቀስም። ሜሪላንድ ከእኔ ጋር በኖረችባቸው ስድስት ዓመታት አገሯን አላየችም ነበር። እንዲህ ያለ ወላጅ ይዛችሁ ለመግባት የምታስቡ ካላችሁ፣ እኔ ሳልጠይቅ የቀረሁትን ጠይቃችሁ ሂዱ።

ስለ አየር መንገዱ የምለው ክፉ ነገር የለኝም። ቦሌ ስንደርስ ወንበሩ አውሮፕላኑ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። የሚገፋት ልጅ «እማማ፣ እንኳን ለአገርዎ አበቃዎት» ሲላት እዚያው አለቀሰች፤ እኔም አልቀረሁም።

ሆቴሉ ሌላ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ስሙን ብጠራ አንዱን ከስሼ ጎረቤቶቹን ነፃ ማውጣት ይሆንብኛል። ከመሄዴ በፊት ደውዬ «ራምፕ አላችሁ ወይ?» ብዬ ነበር፤ በደረጃ ፈንታ ተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋበትን ተዳፋት ማለቴ ነው። «አለን እህቴ፣ ምንም አያስቡ» አሉኝ።

ራምፑማ ነበረ። በአራት ደረጃዎች ጎን፣ በሚያንጸባርቅ ሴራሚክ ተለብጦ፣ ሁለት ትልልቅ የአበባ ማሰሮዎች ተቀምጠውበት። ደረጃው በአጠቃላይ 62 ሴንቲሜትር ከፍታ አለው፤ ራምፑ ደግሞ ርዝመቱ 2 ሜትር ብቻ ነው (በማግስቱ ሜትር ገዝቼ ለካሁት፤ ጥበቃዎቹ ቤቱን ልገዛው መስሏቸው ነበር)። ማሰሮዎቹ ተነሥተውም ወንበሩን ወደ ላይ መግፋት አልተቻለም፣ ጎማው ይንሸራተታል። ሦስት ጥበቃዎች ከነወንበሩ አንሥተው አስገቧት። «ልጆቼ፣ እንደ ሬሳ ሳጥን አትሸከሙኝ» አለቻቸው እየሳቀች። እኔ ግን ያንን ሳቋን አውቀዋለሁ።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 የአካል ጉዳተኞችን ሕግ ካወጣች ወዲህ የራምፕ ልክ ይታወቃል፤ ለአንድ ሴንቲሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሴንቲሜትር ርዝመት። ለዚህ ሆቴል ሰባት ሜትር ተኩል ገደማ መሆኑ ነው። ፍራንክፈርት ያለችው የአክስቴ ልጅ የግንባታ ባለሙያ ናትና ፎቶውን ስልክላት ደነገጠች። እነሱ ዘንድ ከ6 በመቶ በላይ ማዘንበል አይፈቀድም፣ በየ6 ሜትሩም ማረፊያ ያስፈልጋል። በእነሱ ልክ ከ10 ሜትር ያልፋል።

ሕግ ስለሌለን ነው እንዳልል፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙ ሰዎች የተመቸ መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር፤ መጸዳጃ ቤቱንም አልረሳም። የእኛ ሆቴል ግን ራምፑን የሠራው ለጎማ ሳይሆን ለፈቃድ ነው።

መግቢያውስ በሰው ትከሻ ታለፈ። የመታጠቢያ ቤቱ በር ግን ስፋቱ 60 ሴንቲሜትር ነው፤ የእናቴ ወንበር 64። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ በር ሲከፈት ቢያንስ 81 ሴንቲሜትር ማሳለፍ አለበት። የመጀመሪያውን ሌሊት እኔና የእህቴ ልጅ ደግፈን አስገባናት፤ ወለሉም ከክፍሉ ከፍ ያለ ስለሆነ እግሯ ተሰናከለ፣ ለጥቂት ተረፈች። ጠዋት ስነግራቸው አናጺ ላኩልኝ። በሩን ነቅሎ በምትኩ መጋረጃ ሰቀለ! ሦስት ሴንቲሜትር አተረፍን። 63። አናጺው ወንበሩን አየና «ትንሽ ቢጠብ ጥሩ ነበር» አለኝ፤ ስለ ወንበሩ ማለቱ ነው።

ከዚያ ሥራ አስኪያጁ መጣና በሩ ሰፊ የሆነ ክፍል አምስተኛ ፎቅ ላይ እንዳለ ነገረኝ። ለምን ከመጀመሪያው አልሰጣችሁንም? «እሱ ስዊት ነው፣ እህቴ»። በሌሊት 40 ዶላር ይጨመራል፤ የቀሩን ዘጠኝ ሌሊቶች ናቸው፤ 360 ዶላር። ሳሎን አልፈለግሁም፣ ሁለተኛ ቴሌቪዥን አልፈለግሁም፣ የፈለግሁት አራት ሴንቲሜትር ነው አልኩት። «የክፍሉ ዋጋ ነው እንጂ በእናትዎ ላይ አልጨመርንም» ብሎ ረጋ አድርጎ መለሰልኝ። ለእሱ ነገሩ በቃ እንደዚያ ነው፤ ሰፊ በር የሀብታም ዕቃ ነው። እኔ በምኖርበት አገር ሆቴል ለአካል ጉዳተኛ ያመቻቸበትን ወጪ እንግዳው ላይ መጫን በሕግ ክልክል ነው፤ ክፍሉ ምን እንዳለው፣ ምን እንደሌለው ገና ሲያዝ አስረድቶ የመንገርም ግዴታ አለበት። ይህን ስነግረው «እዚያማ ልክ ነዎት» አለኝ። ሁለት ቀን ተከራክሬ ጭማሪውን ወደ ግማሽ አወረዱልኝ፣ 180 ዶላር ከፈልኩ። ደረሰኙ ላይ «የክፍል ማሻሻያ» ተብሎ ተጽፏል። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ብትሰማ ወንድሜ ቤት መሬት ላይ እተኛለሁ ትል ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ሰዎቹን መጥላት አልቻልኩም። እነዚያ ጥበቃዎች በቀን ሦስት ጊዜ ሲያወጧትና ሲያስገቧት አንድ ቀን ፊታቸውን አላጠቆሩም፤ ጉርሻ ብሰጣቸውም አንደኛው «ለእናቴ ነው ያደረግሁት» ብሎ መለሰልኝ። ሜሪላንድ በሩ ራሱ ይከፈታል፤ እናቴን ግን የሕንፃው ሰው ሁሉ በክፍሏ ቁጥር ነው የሚያውቃት። የሰርጉ አዳራሽም መድረክ እንጂ መወጣጫ አልነበረውም፤ ሙሽሮቹ ናቸው ወደ እሷ ወርደው ጉልበቷን የሳሙት። ያንን ፎቶ በማንኛውም ራምፕ አልለውጠውም። ሆኖም ሽንት ቤት ለመግባት የሰው ደግነት መጠበቅ ሌላ ነገር ነው።

የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት ቢሾፍቱ አንድ ገስት ሀውስ አረፍን። የድሮ መኖሪያ ቪላ ነው፤ ደረጃ የለው፣ ምንም የለው። ባለቤቱን ስደውልለት ስለ ራምፕ አልጠየቅሁትም። የመታጠቢያ ቤቱን በር ክፈቱና ሜትር ዘርግታችሁ ፎቶ ላኩልኝ አልኩት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ደረሰኝ፤ ሜትሩ ላይ 88 ይነበባል፣ ዳር ላይ የባለቤቱ አውራ ጣት ይታያል። ለሚቀጥለው ጉዟችን ያንኑ ክፍል ይዣለሁ፤ ቁርሱ ብቻ ቀዝቃዛ ነው።