ለደብረ ብርሃኑ ጋሼ ምስጋና፣ ካርቡራተር ላስቸገራችሁ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔና ታናሽ ወንድሜ ሸዋ ሮቢት ላይ ሞተር ሳይክል፣ ባጃጅና የመስኖ ውሃ ፓምፕ እንጠግናለን። ዛሬ የምጽፈው ደብረ ብርሃን ያሉ አንድ ባለሙያን ለማመስገን ነው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ስማቸውና ስልካቸው አደባባይ ላይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ አልጽፈውም።

በእኛ ሥራ ትልቁ ራስ ምታት ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ክፍል) ነው። እዚህ ቆላው ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ መስኖው ሲያበቃ ፓምፑን ቤንዚን እንዳለበት ያስቀምጠዋል። ቤንዚኑ ይተናል፤ ዝቃጩ ውስጥ ይደርቃል። በሚቀጥለው በጋ ሞተሩ በቾክ (የአየር መዝጊያው ተስቦ) ይነሣል፣ ቾኩ ሲመለስ ይጠፋል። ሚኒሞ አይዝም፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጠው በዝግታ መሥራት አይችልም። ይህን ሁሉ የሚያመጣው ጀት በምትባለው ትንሽ የነሐስ ቁራጭ ላይ ያለ፣ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላ አንድ ቀዳዳ መደፈኑ ነው። እዚያ ውስጥ ሽቦ የሚከቱ አሉ። ሽቦው ነሐሱን ይፍቀዋል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከዚያ በኋላ ፓምፑ ቤንዚን ጠጪ ሆኖ ይቀራል። እባካችሁ ሽቦ አትክተቱ።

እንዲህ ያለ ዕቃ ሲመጣብን ለጋሼ እንልክላቸው ነበር። በሚኒባስ ጣርማ በርን ወጥቶ ይሄዳል፣ ታጥቦ ይመለሳል። የሚያጥቡት በአልትራሶኒክ ማጠቢያ ማሽን ነው፤ ጆሮ በማይሰማው ድምፅ ውሃውን እያርገበገበ ያጸዳል። ያልጸዳውን ጸድቷል ብለው ልከውልን አያውቁም። ጀቱ ያለቀ ከሆነ «ይሄ ዕድሜው አልቋል፣ አዲስ ግዙ» ብለው ሳያስከፍሉ ይመልሱታል።

የማመሰግናቸው ግን ከዚህም በላይ ለሆነ ነገር ነው። ማሽኑን ራሳችን ልንገዛ እንደሆነ ስነግራቸው ፊታቸው አልጠቆረም። ደንበኛ እንደሚያጡ እያወቁ «ና ውጣ ልጄ፣ ይሄ በስልክ የሚነገር አይደለም። ትልቁን ዕቃችሁን ይዘህ ና» አሉኝ።

ስደርስ መጀመሪያ ያደረጉት ካርቡራተሩን በማስመሪያ መለካት ነው። ሻጮች ሊትር ይቆጥራሉ፤ እሳቸው ግን የሚያዩት የቅርጫቱን የውስጥ ስፋትና ጥልቀት ነው። ዕቃው ቅርጫቱ ውስጥ ቆሞ ውሃው ሙሉ በሙሉ ሊሸፍነው ይገባል። አንድ ሻጭ 10 ሊትሩን ግዙ ብሎን ነበር። ጋሼ 6 ሊትሩ ከበቂ በላይ ነው አሉ። ትልቅ ገንዳ ማለት ብዙ ውሃ ማሞቅ፣ ብዙ ሳሙና ማፍሰስ፣ ብዙ መብራት መክፈል ነው። መነጽር የሚታጠብባቸውን ማሞቂያ የሌላቸውን ትንንሽ ማሽኖች ደግሞ ለካርቡራተር አታስቧቸው አሉኝ።

ቀጥሎ ዋቱ። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ የማሞቂያው ኃይል ተደምሮበት ነው። ዕቃውን የሚያጥበው ግን ገንዳው ሥር የተለጠፉት ድምፅ አመንጪዎች ኃይል ነው። ለ6 ሊትር ይህ ለብቻው 180 ዋት አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ለእኛ ሥራ የሚስማማው 40 ኪሎኸርዝ ነው፤ ውሃው በሰከንድ 40,000 ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ በዓይን የማይታዩ አረፋዎች ይፈጠሩና ዕቃው ላይ ይፈነዳሉ። ብሩሽ የማይደርስበት ቀዳዳ ውስጥም ገብተው ቆሻሻውን ይነቅሉታል።

ከሁሉ የጠቀመን የፎይል ፈተናው ነው። ምግብ የሚጠቀለልበትን አሉሚኒየም ፎይል ቁራጭ ውሃው ውስጥ አንጠልጥለው ማሽኑን ለአንድ ደቂቃ ያህል አስነሡት። ፎይሉ ሲወጣ ከዳር እስከ ዳር ተበሳስቷል፤ ወደ መስኮቱ ስናዞረው ብርሃን በጥቃቅኑ ያሳያል። «ገንዘብ ሳትቆጥር ይህን አድርግ» አሉኝ። አዲስ አበባ ልንገዛ ስንሄድ ሻጩ ፊት ሞከርነው። የመጀመሪያው ማሽን በአንድ በኩል ፎይሉን ምንም አልነካውም። ቀይሩልን ብለን ሌላ ወሰድን። ያቺ ምክር ባትኖር ግማሽ የሚሠራ ማሽን ይዘን ነበር የምንመለሰው።

አጠቃቀሙንም ከጎኔ ቆመው አሳዩኝ። ጭቃውና ግራሱ አስቀድሞ በብሩሽ ይወርዳል። ካርቡራተሩ ይፈታል፤ ጎማ ጎማው፣ ላስቲኩና ተንሳፋፊው ፕላስቲክ ይወጣል። ውሃው ውስጥ ትንሽ ላርጎ ይገባል፣ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ይሞቃል፣ ዕቃ ሳይገባበት ለ10 ደቂቃ ያህል ይሠራል። ይህ ውሃው ውስጥ የታመቀውን አየር ያስወጣል፤ ካልወጣ ማሽኑ ጉልበት ያጣል። ዕቃው የገንዳውን ወለል መንካት የለበትም፣ ሁልጊዜ በቅርጫት ነው። ከዚያ 10 ደቂቃ፣ ማገላበጥ፣ እንደገና 10 ደቂቃ።

አንድ የፓምፕ ካርቡራተር ሲታጠብ ቁጭ ብዬ አየሁ። ከዚያች ጠባብ ቀዳዳ ቡናማ ነገር እንደ ጭስ እየቀጠነ መውጣት ጀመረ። ወጣ፣ ወጣ፣ ቆመ። ጋሼ አንሥተው አለቀለቁት፣ በኮምፕሬሰር ነፉት፣ ጀቱን ወደ አምፖሉ አቅንተው ለእኔ ሰጡኝ። ቀዳዳው ክብ፣ ጥርት ያለ። ያን ፓምፕ ያመጡት አባት መስኖ ተጀምሮባቸው ተጨንቀው ነበር፤ ሞተሩ በመጀመሪያው ጉተታ ተነሣ።

አጥብቀው ያስጠነቀቁኝን ልንገራችሁ። ቤንዚንም ሆነ ቲነር ገንዳው ውስጥ አይገባም፣ ተንኖ እሳት ያስነሣል። በረኪና የማይዝገውን ገንዳ እንኳ ይበላዋል። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየሙን ያጠፋዋል። ባዶውን አይነሣም፣ እየሠራ እጅ አይገባም፣ ሶኬቱ ኤርዝ ሊኖረው ግድ ነው። ብረት የሆነ ዕቃ እንደደረቀ ዘይት ይቀባል፣ አለዚያ ወዲያው ይዝጋል።

ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ብርዱ ውሃውን ለማሞቅ ጊዜ ይፈጃል። እኛ ጋ ተቃራኒው ነው። ማሽኑ ሲሠራ ራሱ ውሃውን ስለሚያሞቀው ቶሎ 60ን ያልፋል። ቆላ ያላችሁ እያሳረፋችሁ ሥሩ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እውቀት ይዞ የሚደብቅ በበዛበት ሙያ እርስዎ ዘርግተው ሰጡን፤ ወንድሜም እጅ ነሥቷል።

ደብረ ብርሃንና አካባቢው ያላችሁ፣ ማሽን መግዛት የማያስፈልጋችሁ ከሆነ ዕቃችሁን ለእሳቸው ስጡ። ልትገዙ ያሰባችሁም መጀመሪያ አማክሯቸው። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። በመኪና የምትልኩ ቤንዚኑን በደንብ አራግፉ፣ ብሎኖቹንም በትንሽ ፌስታል ለብቻ ቋጥራችሁ ላኩ።