የሻባት ፕላታ፦ ለወጥ አሪፍ ነው፣ ለእንጀራ ግን በጭራሽ

እስራኤል ውስጥ የሰንበት ምግብ ማሞቂያ ፕላታ ልትገዙ ካሰባችሁና ቤታችሁ ሚበላው የሀበሻ ምግብ ከሆነ መጀመሪያ ይሄን አንብቡ፣ ምክንያቱም ሱቅ ያለው ሻጭ ስለ ሽኒጽልና (የዳቦ ፍርፋሪ ለብሶ የተጠበሰ ስጋ) ስለ ሓሚን (ሌሊቱን ሲበስል የሚያድር የሰንበት ወጥ) እንጂ ስለ ዶሮ ወጥ ሚነግራችሁ ነገር የለም። እኔ የገዛሁት ካርቶኑ ላይ ለ4 ድስት ነው የሚለውን፣ ላዩ አሉሚኒየም የሆነውን ነው፣ ከ200 ሸቄል ትንሽ ከፍ ይላል። ማን እንደሰራው አልናገርም፣ በዚ ዋጋ ያሉት ያው ተመሳሳይ ናቸው።

ለማያውቀው ሰው፣ ፕላታ ማለት ጠፍጣፋ የኤሌክትሪክ ምጣድ በሉት፣ ግን ማብሪያ ማጥፊያ የለውም፣ ሙቀት መጨመሪያ መቀነሻም የለውም፣ ሶኬት ላይ ትሰኩታላችሁ በቃ ይሞቃል። ጉድለት እንዳይመስላችሁ፣ ሆን ተብሎ ነው እንደዛ የተሰራው፣ ሰንበት ከገባ በኋላ እሳት ማብራትም መቆስቆስም ማጥፋትም ክልክል ስለሆነ መጠምዘዣ ከሌለው ሰው ረስቶ እንኳን ልጨምረው ቢል አይችልም። ዓርብ የሰንበት መግቢያ ሻማ ሳይበራ ይሰካና ቅዳሜ ማታ ሃቭዳላ (የሰንበት መውጫ ጸሎት) እስኪባል 25 ሰዓት ያህል ይሞቃል፣ ወይ ደሞ ታይመሩን ቀድማችሁ ታስተካክሉና ሌሊት ራሱ ጠፍቶ ጠዋት ራሱ ይበራል። ታህሳስ አካባቢ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ሻማ ሚበራበት ጊዜ ነው ጥቅሙ ሚገባችሁ፣ ከስራ ሮጣችሁ ገብታችሁ ማሞቅ ሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም ነገር አልቆ መቀመጥ አለበት።

እዚ ጋ ስለ እማዬ ሳላወራ ማለፍ አልችልም። እኛ ቤተ እስራኤል ነን፣ የኢትዮጵያ አይሁድ፣ እሷ ያደገችው ጎንደር ገጠር ነው፣ እዛ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ምድጃው ይጠፋል፣ ሻማ ሚባል የለም፣ ዓርብ የተጋገረው ዳቦና የተሰራው ወጥ ቅዳሜ እንደቀዘቀዘ ይበላል፣ ጠዋት ጸሎት ቤት ይኬዳል ቄሶቹ በግዕዝ ይጸልያሉ፣ ዳቦውን ባርከው ይቆርሳሉ። ዘጸአት 35 ቁጥር 3 ላይ በሰንበት በየቤታችሁ እሳት አታንድዱ ሚለውን የኛ አባቶች እሳት ጭራሽ ቤት ውስጥ አይኑር ብለው ነው የያዙት፣ ራቢዎቹ ደሞ ሰንበት ሳይገባ የበራ እሳት ቢቆይ ችግር የለውም፣ እንደውም ትኩስ መብላት ሰንበትን ማክበር ነው ብለው አስተማሩ፣ የዓርቡ ሻማም ሓሚኑም ይሄ ፕላታም የቆሙት በዛ ላይ ነው። መጀመሪያ የሰካሁት ቀን እማዬ ጠጋ ብላ አየችውና "ልጄ ይሄ እሳት አይደለም እንዴ?" አለችኝ። አይደለም ማለት ይከብዳል፣ ይፋጃላ። እስከዛሬ የራሷን ድርሻ ለብቻ አስቀምጣ ቀዝቃዛውን ነው ምትበላው፣ እኔም አልጨቀጭቃትም። ግን ብርድ ሲሆን ወንበሯን ወደ ፕላታው ጠጋ እንደምታደርግ አይቻለሁ፣ ዝም ነው ያልኳት።

ወደ ምግቡ ልመለስ። ዶሮ ወጥ ይሆናል፣ ግን ዘዴ አለው። እኛ ስጋና ወተት ስለማንቀላቅል ዶሮው በዘይት ነው ሚሰራው፣ ዓርብ ሙሉ በሙሉ በስሎ ገና ትኩስ እያለ ፕላታው ላይ ይቀመጣል። መሀል ላይ ካስቀመጣችሁት አለቀላችሁ፣ መሀሉ በጣም ይሞቃል፣ ቁሌቱ ደሞ ወፍራም ስለሆነ እስከ ጠዋት ስሩ ያራል፣ ዘይቱ ብቻውን ላይ ይንሳፈፋል። ጥጉ ለዘብ ያለ ስለሆነ ወጡን ጥግ አድርጉት፣ ወይ ከስሩ የአሉሚኒየም ትሪ ገልብጡና ድስቱን እላዩ ላይ አስቀምጡት፣ መጀመሪያውኑም ወጡን ከወትሮው ቀጠን አድርጋችሁ ስሩት፣ ሰንበት ከገባ ውሃ ጠብ ማድረግም ማማሰልም የለም። እንቁላሉ ሲያድር ቡናማ ይሆናል ውስጡ ድረስ፣ ሓሚን ውስጥ እንዳደረ እንቁላል፣ እኔ እንደውም ለሱ ስል ሁለት ሶስት ጨመር አደርጋለሁ። ምስር ወጥ ጥሩ ነው፣ የድንች አልጫ በጣም ጥሩ ነው። ሽሮ አትሞክሩት።

ጠዋት ላይ ከፍሪጅ አውጥቶ ማሞቅ ይቻላል ወይ ለሚለው፣ ደረቅና ሙሉ በሙሉ የበሰለ ነገር ከሆነ፣ ጥብስ ዶሮ፣ ሩዝ፣ ዳቦ ምናምን፣ የእስራኤል ዋና ራቢ የነበሩት ራብ ኦቫዲያ ዮሴፍ ፕላታ ላይ ይቻላል ብለዋል። 1973 ላይ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው የወሰኑት ራሳቸው ናቸው፣ እና ብዙ የኛ ሰው በሳቸው ነው ሚሄደው። መረቅ ያለው ነገር ከቀዘቀዘ ግን መልሶ ማሞቅ እንደ ማብሰል ስለሚቆጠር አይቻልም፣ ስለዚ ወጥ ወይ ዓርብ ይቀመጣል ወይ ቀዝቃዛውን ይበላል። አሽከናዞቹ (መነሻቸው አውሮፓ የሆኑት አይሁዶች) ከዚም ጠበቅ ያደርጉታል፣ የምትጸልዩበትን ቤት ክኔሴት (ምኩራብ) ራብ ጠይቁ።

እንጀራ! እባካችሁ ፕላታ ላይ እንዳታስቀምጡ፣ ፎይል ብትጠቀልሉትም ያው ነው፣ ጠርዙ ይደርቅና ሲነኩት ይሰበራል፣ ከስር ያለው ደሞ አልቦት ይጣበቃል። በፎጣ ሸፍናችሁ ሞሶቡ ውስጥ ተዉት፣ ወጡ ትኩስ ከሆነ እንጀራው መሞቅ ምን ያደርግለታል። ዳቦ ግን ሌላ ነገር ነው፣ በፎይል ጠቅልላችሁ ጥግ ላይ ጣል አድርጋችሁት ወደ ጸሎት ብትሄዱ ስትመለሱ ቤቱ በሙሉ በጥቁር አዝሙድ ሽታ ተሞልቶ ይጠብቃችኋል፣ ኪዱሽ (የሰንበት የወይን ቡራኬ) ተብሎ ሲቆረስ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ለኔ ፕላታው ዋጋውን የመለሰው በሱ ብቻ ነው። ቡናን በተመለከተ፣ ጀበና እዛ ላይ አታቁሙ፣ ቂጡ ክብ ስለሆነ አይረጋም፣ ቢረጋም ቡናው ሲያድር ይመራል። ዓርብ አፍልታችሁ ፔርሙስ ውስጥ ገልብጡት፣ ሰላም ነው።

"ለ4 ድስት" ሚሉት ነገር አያታልላችሁ። የነሱ ድስትና የኛ ድስት አንድ አይደለም፣ እንግዳ ሲመጣ ምናወጣው ድስት ሁለቱ ከተቀመጡ ሌላ ቦታ የለም። ቤተሰባችሁ ብዙ ከሆነ የ6ቱን ውሰዱ።

ለቤት ክኔሴት ደሞ የቤት ፕላታ አትግዙ። የኛ ሰፈር ቤት ክኔሴት ከጠዋት ጸሎት በኋላ ኪዱሽ አብረን ነው ምንበላው፣ እና ሁለት የቤት ፕላታና የውሃ ማፍያውን በአንድ ኤክስቴንሽን ሰኩና ሌሊት ብሬከሩ ወረደ፣ ሰንበት ስለሆነ ደሞ ማን ያነሳዋል፣ ጠዋት ስንገባ ምግቡ ሁሉ በረዶ። ወጣቶቹ ሲያጉረመርሙ ሽማግሌዎቹ ናቸው ተደስተው የበሉት፣ አንዱ አባት "ዛሬ ገና ሰንበት ሆነ" ብለው አሳቁን። ከዛ በኋላ ለአዳራሽ ሚሆነውን ትልቁን የብረት ፕላታ አስገቡ፣ የራሱ መስመርም ተዘረጋለት።

ከኤክስቴንሽን ጋር ይሄን ቀልድ አታድርጉት፣ ቀጥታ ግድግዳው ላይ ስኩት፣ መጋረጃና ፎጣ ከአጠገቡ አርቁ፣ የሻማውንም ቦታ ከሱ ለዩ። 2015 ላይ ብሩክሊን ውስጥ ለሰንበት የተተወ የምግብ ማሞቂያ ተበላሽቶ ሌሊት በተነሳ እሳት የአንድ ቤት ሰባት ልጆች ሞተዋል፣ ቤቱ ውስጥ የነበረው የጭስ ማስጠንቀቂያ ምድር ቤት ያለው ብቻ ነበር። ስለዚ ታቭ ቴኬን (የእስራኤል የደረጃ ማረጋገጫ) ምልክት ሌለው ፕላታ በርካሽ ሹክ (ገበያ) ላይ ብታገኙም እለፉት፣ ገመዱ የተላጠውንም ከዘመድ በስጦታ አትቀበሉ፣ የጭስ ማስጠንቀቂያ መኝታ ቤት አካባቢ ስቀሉ፣ ርካሽ ነው። ትንንሽ ልጆች ያላችሁ ደሞ እወቁት፣ ጠርዙ ራሱ ያቃጥላል፣ መከለያ የለውም፣ እኔ ግድግዳው ጥግ ድረስ ገፍቼ ነው ማስቀምጠው።

ማጽዳቱ ነው ያስመረረኝ። የበርበሬ ዘይት አሉሚኒየም ላይ ከፈሰሰና 25 ሰዓት ከሞቀ አይለቅም፣ ብትፈትጉት ይጫጫራል እንጂ ቀዩ እዛው ነው፣ አሁን ዓርብ ከመሰካቱ በፊት ላዩን ወፍራም ፎይል አለብሰዋለሁ። ገመዱም አጭር ነው። መስታወት ያለው አለ፣ ዋጋው ከፍ ይላል ግን በጨርቅ ብቻ ነው ሚጸዳው፣ እህቴ ጋ አይቼዋለሁ፣ ወጥ ምታበዙ ከሆነ ጨመር አድርጋችሁ እሱን ግዙ። ለኔው ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ፣ የአይሁድ ፋሲካ (ፔሳሕ) ሲደርስ ቅናሽ ስለሚያደርጉ እስከዛ መጠበቅ ምትችሉ ጠብቁ።