ዳይሬክት ሻወር ወይስ ቦይለር? ጎንደር ላይ ቤት ለእንግዳ ለምታከራዩ

ጥምቀት ሲቃረብ ስልኬ አይዘጋም። «ለእንግዳ ክፍሉ ዳይሬክት ሻወር ላስገጥም ወይስ ቦይለር?» ለሁሉም አንድ በአንድ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው። ዳይሬክት ውሃው እያለፈ ሳለ የሚያሞቅ ሻወር ነው፤ ቦይለር ደግሞ ውሃውን በጋን ይዞ ያሞቃል። እኔ የቦይለር ወገን ነኝ።

አምና በከተራ ማታ ፒያሳ አካባቢ ያለችውን ቤቴን የተከራየ እንግዳ ፎጣ አገልድሞ እየሮጠ ወጣ። «ቧንቧው ነዘረኝ!» ቴስተር ሳስነካው እጀታው ላይ ቦግ አለ። ኤሌክትሪሻኑ የሻወሩን ክዳን ሲፈታ አረንጓዴና ቢጫው የኧርዝ ሽቦ (ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው) ተጠቅልሎ በናስትሮ ታስሯል። ከምንም ጋር አልተገናኘም። «ጋሼ፣ ቤቱ ራሱ እኮ ኧርዝ የለውም» አለኝ። እንግዳው ባዶ እግሩን እርጥብ ሴራሚክ ላይ ቆሞ እንደነበር ሳስበው እስካሁን ይዘገንነኛል።

ዳይሬክቱን የገዛሁት ርካሽ ነው ብዬ ነው። 3,200 ብር። በዓመት ውስጥ ሬዚስታንሱ (ውሃውን የሚያሞቀው ሽቦ) ሁለቴ ተቃጠለ፤ ከነእጅ ዋጋው 2,400። 5,500 ዋት ማለት በ220 ቮልት 25 አምፒር ነው፤ ግድግዳው ውስጥ ያለው ግን ለዚህ የሚቀጥን ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ነበር። ላስቲኩ ቀልጦ ስለተገኘ በወፍራም ለመቀየር 6,500 አወጣሁ። ለነዘረው እንግዳ የሁለት ሌሊት ኪራይ መለስኩ፣ 5,000። ድምር 17,100። በኋላ 50 ሊትር ቦይለር የገዛሁት በ17,500 ነው። ለ400 ብር ሰው ልገድል ነበር።

ደግሞ ቢጎዳ ተጠያቂው ማን ነው? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2077 ሕንጻው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ «አላወቅሁም» ማለት አያድንም። ማሞቂያው የሕንጻው አካል ነው አይደለም የሚለውን ጠበቆች ይከራከሩበት፤ እኔ ክርክሩ ውስጥ መግባት አልፈልግም። የእሳት መድን አለኝ ብላችሁም አትዘናጉ። እሱ ለቤቱ ነው። ለእንግዳው የኃላፊነት መድን ለብቻው ጠይቁ።

ዳይሬክት አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ወዲያው ያሞቃል። ቦይለሩ 1,500 ዋት ስለሆነ 50 ሊትሩን ለማሞቅ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ግን የጎንደርን ውሃ ታውቃላችሁ። ሮቶው ኮርኒስ ላይ ከተቀመጠ ግፊቱ ደካማ ነው፤ ዳይሬክቱ ወይ አይነሳም፣ ወይ ያቃጥላል። ቦይለር ግን ውሃ ቢጠፋም መግቢያው ላይ ያለው ሴፍቲ ቫልቭ ወደኋላ ስለማያስመልስ የያዘው አይፈስም።

ስለ ሴፍቲ ቫልቩ ካነሳሁ አይቀር፦ ውሃው ሲሞቅ ይንጠባጠባል። ግፊቱን ማስተንፈስ ሥራው ነው። የእኔ ቧንቧ ሠራተኛ «ያፈሳል» ብሎ ሊደፍነው ሲል እጁን ነው የያዝኩት። ያን ቀዳዳ መድፈን ግድግዳ ላይ ቦንብ መስቀል ነው። ቀጭን ጎማ ቀጥላችሁ ወደ ፍሳሹ አውርዱት።

ፎርጅዱም ብዙ ነው። ሱቅ ውስጥ የታችኛውን ክዳን አስከፍቱ። ማግኒዚየም ዘንግ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ከሌለው ጋኑ ቶሎ ይዝጋል። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ካላችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።

የትኛውንም ብትገዙ 30 ሚሊአምፒር የተጻፈበት አርሲዲ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚቆርጥ) ግዴታ ነው። እኔ በ2,200 ገዛሁ። ኧርዙ በትክክል ተቀብሮ፣ ተለክቶ ይታሰር። ለዘንድሮ ጥምቀት ቦይለር መግዛቱ ካልሞላላችሁ አርሲዲውንና ኧርዙን አስቀድሙና ዳይሬክቱን ነቅላችሁ ሙቅ ውሃ በባልዲ አቅርቡ። እኔ አምና በማግስቱ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። እንግዳዬ ታጥቦ ወጥቶ «ቡና ካለ ደግሞ ይቅርታ አደርግልሃለሁ» አለኝ።