ለመንገደኛ የሚሆን የኪስ ድምፅ ማጉያ፦ ጄቢኤል ጎ 3 ከብርጭቆው ይሻላል?

መንገድ የሚያበዛ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ዘዴ አለች። ማታ ሆቴል ክፍል ውስጥ ስልኩን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ ያቆማል፤ ሙዚቃው ትንሽ ከፍ ሲልለትም «ይበቃል» ብሎ ጋደም ይላል። ብርጭቆው በእርግጥ ድምፁን ሰብስቦ ወደ አንድ አቅጣጫ ያወጣዋል፤ ነገር ግን የሚያጎላው መካከለኛውን የድምፅ ክፍል ብቻ ስለሆነ ዘፋኙ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ የሚዘፍን ይመስላል። ስለዚህ ትንሽና ርካሽ የብሉቱዝ ድምፅ ማጉያ ስመዝን የማነጻጽረው ሳሎን ከሚሞላ ትልቅ መሣሪያ ጋር ሳይሆን ከዚህች ብርጭቆ ጋር ነው። እዚህ የምመዝነው ጄቢኤል ጎ 3 የተባለውን ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቼ በባቱና በላንጋኖ በኩል እስከ ሐዋሳ፣ ከዚያም አልፌ እስከ አርባ ምንጭ በቦርሳዬ ይዤው ተጉዣለሁ።

ጄቢኤል እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ የተመሠረተ የድምፅ መሣሪያዎች አምራች ነው፤ ስሙም የመሥራቹ የጄምስ ቢ. ላንሲንግ የስም ምሕጻረ ቃል ነው። ጎ 3 ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ሲሆን በ2024 ጎ 4 ተተክቶለታል። ቁመቱ 7.5፣ ወርዱ 8.75፣ ውፍረቱ ደግሞ 4.1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ክብደቱም 209 ግራም ስለሆነ ከአንድ የልብስ ሳሙና ብዙም አይለይም። ፊቱ በጨርቅ የተሸፈነ ነው፤ ማዕዘኑ ላይ ያለችው ማንጠልጠያ መጀመሪያ ሳያት ጌጥ መስላኝ ነበር፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከፎጣ መስቀያው ላይ ካንጠለጠልሁት በኋላ ግን ያለ እርሷ ዕቃው ግማሽ ጥቅሙን እንደሚያጣ ተረዳሁ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ወደ ድምፁ ልለፍ። አምራቹ የሰጠው የድምፅ ክልል ከ110 እስከ 20,000 ሄርዝ ነው፤ ሄርዝ በሴኮንድ የሚቆጠር የንዝረት ብዛት ሲሆን፣ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል። ቁጥሩን ወደ ጆሮ ለመተርጎም የጊታር ክሮችን ማሰብ ይጠቅማል፤ የተለመደው ጊታር አምስተኛው ክር ሳይያዝ ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ 110 ሄርዝ ሲሆን፣ የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ግን 41 ሄርዝ ገደማ ነው። እንግዲህ ቤዝ ጊታር የሚጫወታቸው የብዙዎቹ ዝቅተኛ ድምፆች መሠረት ከዚህ ዕቃ አይወጣም ማለት ነው። ሆኖም ጆሮአችን ከመሠረቱ በላይ ያሉትን ተጓዳኝ ድምፆች ሰምቶ የጎደለውን በራሱ ስለሚሞላ የቤዙን ዜማ እንከተላለን፤ የምናጣው ደረት ላይ የሚያርፈውን ክብደት ነው። በውስጡ ከዋናው ድምፅ ሰጪ ሌላ፣ የራሱ ሞተር የሌለውና በውስጥ አየር ግፊት ብቻ የሚርገበገብ ሽፋን ተገጥሞለታል፤ ከዚህች ትንሽ ሣጥን የሚወጣው ወፍራም ድምፅ ከተገመተው በላይ የሆነውም በእርሱ እገዛ ነው።

የአገራችንን መሣሪያዎች አንድ በአንድ ስሞክርበት ልዩነቱ ይበልጥ ተገለጠልኝ። ክራርና ማሲንቆ ለዚህ ዕቃ የተሠሩ እስኪመስሉ ድረስ ተስማምተውታል፤ የማሲንቆው የጭራ ፍትጊያ በብርጭቆው ውስጥ ሲጨማለቅ እዚህ ጥርት ብሎ ይሰማል። ከበሮ ግን ይቸገራል፤ የትልቁ አፍ ምት «ዱም» ማለቱ ቀርቶ ጣት ጠረጴዛ ላይ ሲመታ ወደሚሰማው ድምፅ ይጠጋል። ያልጠበቅሁትን ያገኘሁት በበገና ላይ ነው። ዐሥሩ ክሮች ዝቅ ያለ ድምፅ ስላላቸው ትንሽ መሣሪያ ላይ ፈጽሞ ይሞታሉ ብዬ ነበር፤ ይሁንና በገና ያን የሚያጓራ ድምፁን የሚያገኘው በክሩና በመቀመጫው መካከል ከሚገባው እንዝራ ከሚባለው ቁራጭ ቆዳ በመሆኑ፣ ንዝረቱ እጅግ ብዙ ተጓዳኝ ድምፆችን ወደ ላይ ያወጣል፤ ትንሹ ዕቃም እነዚያን በሚገባ ስለሚያሰማ ጆሮ ቀሪውን ይገነባል። በዐቢይ ጾም ማታ ማታ በገና የሚሰማ መንገደኛ በዚህ የሚያዝን አይመስለኝም። ትረካና ዜናማ ምንም ጥያቄ የለበትም፤ የስልክ መሥመር በ300 እና በ3,400 ሄርዝ መካከል ብቻ እየሠራ ከሰው ጋር ሲያግባባን ስለኖረ የንግግር ድምፅ ለዚህ መሣሪያ ቀላል ሥራ ነው።

ኃይሉ 4.2 ዋት ነው። ለአንድ የሆቴል ክፍል ከበቂ በላይ ነው፤ እንዲያውም የብዙ ሆቴሎቻችን ግድግዳ የጎረቤትን ማንኮራፋት የሚያሳልፍ ስለሆነ ከግማሽ በላይ ከፍ ማድረግ ነውር ነው። ሜዳ ላይ ግን ሌላ ነው። ግድግዳ በሌለበት ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ስለሚቀንስ፣ ላንጋኖ ዳር አንድ ሜትር ላይ አጥጋቢ የነበረው ስምንት ሜትር ላይ የሩቅ ሬዲዮ ሆኗል። ሐዋሳ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ሻጩና ገዢው፣ አባ ኮዳውና ሕፃኑ በአንድ ላይ በሚንጫጩበት ስፍራ፣ ከነጭርሱ አላወጣሁትም። ክፍል ውስጥ ሲሆን ደግሞ ከመሐል ጠረጴዛ ይልቅ ግድግዳ ተጠግቶ ወይም ማዕዘን ላይ ቢቀመጥ ወፍራሙ ድምፅ ይደግፈዋል፤ ገንዘብ የማያስወጣ ማሻሻያ ይህ ብቻ ነው። አውቶቡስ ውስጥ የሚከፍተው ሰው ቢኖር ከሾፌሩ የሙዚቃ ምርጫ ጋር መጋጨቱን ይወቅ፤ በዚያ ውድድር ያሸነፈ ተሳፋሪ አላየሁም።

ባትሪው አንዴ ሲሞላ እስከ 5 ሰዓት እንደሚቆይ፣ ለመሙላትም 2 ሰዓት ተኩል እንደሚፈጅ አምራቹ ይገልጻል። ይህ ቁጥር በመጠነኛ ድምፅ የሚገኝ ነው፤ ድምፁ እስከ መጨረሻ ሲለቀቅ የማንኛውም እንዲህ ያለ ዕቃ ባትሪ ቶሎ እንደሚያልቅ የታወቀ ነው። ለሁለት ምሽት የሚበቃ ሲሆን ቀኑን ሙሉ ማጫወት ለሚፈልግ ግን ያንሳል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ያሳረፈኝ የባትሪው አነስተኛነት ራሱ ነው፤ የሚይዘው 2.775 ዋት ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሆነ የተለመደ ፓወር ባንክ በመሙላት የሚባክነው ኃይል ተቀንሶም ከስድስት ጊዜ በላይ ይሞላዋል። የቻርጀር መሰኪያው ታይፕ ሲ መሆኑ ለአብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልክ ባለቤቶች ሌላ ገመድ ከመሸከም ያድናል፤ ከአይፎን 15 በፊት የወጣ አይፎን የያዘ ግን ሁለት ገመድ መያዙ አይቀርለትም።

ከውኃ መከላከያው ይልቅ ለእኛ መንገድ የሚጠቅመው አቧራ መከላከያው ነው። አይፒ67 የሚለው መለኪያ የመጀመሪያው ቁጥር 6 አቧራ ፈጽሞ እንደማይገባው፣ ሁለተኛው 7 ደግሞ አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢጠልቅ እንደማይበላሽ ያመለክታል። ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ በሚወጣው ዳገት መስኮት ከፍተን ከተጓዝን በኋላ የጨርቁ መልክ ተለውጦ ነበር፤ ከቧንቧ ሥር አጥቤው፣ አራግፌ፣ መሰኪያው እስኪደርቅ ጠብቄ ቻርጅ አደረግሁት።

የጎደለውን ማወቅ ለገዢው ይጠቅማል። ማይክሮፎን ስለሌለው ስልክ ማነጋገሪያ አይሆንም። የጆሮ ማዳመጫ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ ስለሌለው ብሉቱዝ የሌለው አሮጌ ሬዲዮ አይገናኘውም፤ ቀደም ሲል የነበረው ጎ 2 ሁለቱም ስለነበሩት ይህን ለውጥ ወደ ኋላ መመለስ አድርጌ እቈጥረዋለሁ። ሁለት ጎ 3 ገዝቶ ግራና ቀኝ ማድረግም አይቻልም። ጎ 4 ክብደቱ 190 ግራም ስለሆነ የቀለለ ነው፤ እስከ 7 ሰዓት ይሠራል፤ ከሌሎች ጋርም ይጣመራል። የሁለቱ ዋጋ የተቀራረበበት ቦታ ያገኘ ሰው ጎ 4ን ቢወስድ ይሻለዋል፤ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ግን ለሆቴል ክፍል ጎ 3 አያሳፍርም።

ስለ ዋጋው፣ ሲወጣ በአሜሪካ 39.95 ዶላር ነበር። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ በብር የምጽፈው ዋጋ ለሚቀጥለው ወር አንባቢ አያገለግልም፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው እርሱን ቢልክ ይመከራል፤ እኔም በመጨረሻ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። «በመጨረሻ» ማለቴ አስቀድሞ ከአንድ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ያንኑ ስም የተጻፈበት፣ ቀለሙም ጨርቁም አንድ የሆነ ዕቃ ገዝቼ ተታልዬ ስለነበር ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላው ጸጥ ይል ነበር፤ ድምፁ ከፍ ሲል ደግሞ ከብርጭቆውም ብሶ ይንጫጫ ነበር። ወርቅ ቤት የሚሠራ ወዳጄ፣ ለቀልድ ያህል፣ ሁለቱንም በሚዛኑ ላይ አስቀመጠልን፤ እውነተኛው ከተጻፈለት 209 ግራም ሲገጥም አስመሳዩ 140 ግራም እንኳ አልሞላም። ወርቅ ቤት መሄድ ለማይመቸው የአትክልት ሱቅ ሚዛንም ይበቃል፤ መሰኪያው ታይፕ ሲ ሳይሆን የድሮው ማይክሮ ዩኤስቢ ከሆነ ግን ሚዛንም አያስፈልግም፣ ሳይከፍሉ መመለስ ነው።