ዘንገና ሐይቅ፦ ለወፍ ተመልካች ደኑ ከውኃው ይበልጣል

ከእንጅባራ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና አጠገብ የሚገኘው የዘንገና ሐይቅ በመንገደኛ ዘንድ የታወቀው ለፎቶ በማመቸቱ ነው፤ አብዛኛው ሰው ከመኪና ወርዶ፣ ክቡን ውኃ ከላይ አይቶ ወዲያው ጉዞውን ይቀጥላል። ለወፍ የሚመጣ ሰው ግን አንድ ሙሉ ማለዳ ሊመድብለት ይገባል፤ ዓይኑንም ከውኃው ይልቅ በዙሪያው ባለው ደን ላይ ማሳረፍ አለበት።

ምክንያቱ የሐይቁ አፈጣጠር ነው። ዘንገና በእሳተ ገሞራ በተፈጠረ ጎድጓዳ ስፍራ ውስጥ የተጠራቀመ፣ ጥልቀቱ ከ150 ሜትር የሚበልጥ ውኃ ሲሆን፣ ዳርቻው ቁልቁል ስለሚወርድ ደንገልና ፊላ የሚበቅልበት ረግረጋማ ጠርዝ እምብዛም የለውም። ቆመው የሚለቅሙ የውኃ ወፎች ያለ እንዲህ ዓይነቱ ዳርቻ አይበረክቱም። ፔሊካንና ሽመላ የሚሻ ሰው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ወደሰፈረው ወደ ጣና ቢቀጥል ይሻለዋል።

የደኑ ሀብት ግን ሌላ ነው። በአፋፉ በሚያልፈው የእግር መንገድ ላይ ጸጥ ብሎ ለሚቆም ሰው ትልቁ ደስታ ነጭ ጉንጯ ሶሪት ናት። አረንጓዴ ላባዋ ከቅጠሉ ጋር ስለሚመሳሰል ፊት ለፊት ቆማ እንኳ ወዲያው አትለይም። ከመብረር ይልቅ ቅርንጫፉን ተከትላ እየሮጠችና እየዘለለች ወደ ዛፉ ጫፍ ትወጣለች፤ ወደሚቀጥለው ዛፍ ለመሻገር ክንፏን ስትዘረጋ ተሰውሮ የቆየው ደማቅ ቀይ ድንገት ይገለጣል። ይህ ቀይ ቀለም መዳብ ያለበትና በሶሪት ወገኖች ብቻ የሚገኝ በመሆኑ፣ ለዚህ አንድ እይታ ብቻ መምጣት ይገባል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማይኖረው ጋጋኖ በጩኸቱ ይታወቃል፤ ማጅራቱ ነጭ የሆነው ወፍራም ምንቃር ያለው ቁራም አይጠፋም። የግንደ ቆርቁርን ምት የሰማ ሰው ደግሞ ታግሦ ግንዱን በባይናኩላር ይፈትሽ።

ከደኑ ወጣ ሲሉ ማሳውን የሸፈነው ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የተባለ የግራር ዓይነት ነው። ለገበሬው የገቢ ምንጭ ስለሆነ አልነቅፈውም፤ ሆኖም አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ የበቀለበት መሬት የአገር በቀሉን ደን ያህል ልዩ ልዩ ወፍ አያኖርም። በሐይቁ ዙሪያ የቀረው ደን እንዲህ ውድ የሆነውም ስለዚህ ነው።

በአካባቢው የሚያድጉ ወጣቶች ወፉን በድምፁ ስለሚለዩ አንዱን አስጎብኚ አድርጎ መያዝ እጅግ ይጠቅማል፤ ክፍያውን ግን አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል። ያዘንኩበት ነገር የጎብኚው ጠባይ ነው፦ ሙዚቃ በድምፅ ማጉያ የሚከፍት ሰው ባለበት ወፍ አይታይም፣ ለጦጣዎች ዳቦና ሙዝ መወርወርም ሰው እንዲዳፈሩ ያደርጋቸዋል። ይህን በመግቢያው ላይ የሚከለክል ሰው ቢኖር ቦታውን ያለ አንዳች ማመንታት አመሰግነው ነበር።

እንጅባራ ዝናብና ብርድ የሚበዛበት ደጋ ስለሆነ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ መምጣት ይመረጣል፤ ከአውሮፓና ከእስያ የሚፈልሱ ወፎችም በዚያን ጊዜ አገራችን ውስጥ ናቸው። በጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሰሞን ግን ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ ማደሪያ ቀደም ብሎ መያዝ ያስፈልጋል።