«ክለባችሁን አድኑ» ተብሎ የሚሸጥ አክሲዮን አትግዙ

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። ትንሽ ቆይቼ ብጽፈው ለስለስ ይላል፤ እንዲለሰልስ ደግሞ አልፈልግም። ሌላ ደጋፊ እንደኛ እንዳይበላ ነው።

የእግር ኳስ ክለብ ባለቤቶችን አካሄድ ታውቁታላችሁ። ክለቡ ዕዳ ውስጥ ይገባል። የተጫዋቾች ደሞዝ ይዘገያል። ባለቤቱ ለወራት ድምፁ ይጠፋል። ከዚያ ድንገት ቪዲዮ ይለቀቃል። አንድ የድሮ አምበል ባዶ ስታዲየም መሃል ቆሞ፣ እንባ እየተናነቀው «ክለባችሁ ዛሬ እናንተን ይፈልጋል» ይላል። ከስር የመግዣው ሊንክ አለ። ቀነ ገደብም አለ። ለሚገዛ ሰው ስሙ የተጻፈበት ሰርተፊኬት ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ «የክለቡ ባለድርሻ» ነው።

ገዛን። ብዙ ሰው ገዛ። ለልጁ የገዛ አለ፣ በሞተ አባቱ ስም የገዛ አለ። እኔን ስልክ ደውለው ነው ያግባቡኝ። የደወለችው ልጅ ትሁት ነበረች። «እርስዎ ከእንግዲህ ቤተሰብ ነዎት፤ በጉባኤው ላይ ወንበር ይኖርዎታል» አለችኝ። ወንበር የሚለውን አስምሩበት፤ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ክለቡ ተሸጠ። «አዲስ ምዕራፍ» የሚል መግለጫ ወጣ። የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ተጠራ ሲባል ሰርተፊኬታችንን ይዘን ሄድን።

በር ላይ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ጋ ስም ዝርዝር የያዘ ወጣት ተቀምጧል። ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሰርተፊኬታቸውን እንዳይታጠፍባቸው በፕላስቲክ አድርገው ነው የያዙት። ልጁ ዝርዝሩን ወደታች አየና ራሱን ነቀነቀ።

«አባቴ፣ ስምዎ የለም።»

«እንዴት የለም? ባለድርሻ ነኝ እኮ። ይኸው።»

ልጁ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ያዝ አደረገ። ከላይ የተጻፈውን ስም በእስክሪብቶ ነካ ነካ አድርጎ «ይሄ የድሮው ኩባንያ ነው» አላቸው። «ክለቡ አሁን በአዲስ ኩባንያ ስር ነው። ጉባኤውም የአዲሱ ነው።»

«ማልያው ያው አይደለም እንዴ? ሜዳውስ?»

«እሱ ያው ነው። ኩባንያው ነው የተለየው።»

«ታዲያ የኔ ድርሻ የት ገባ?»

«የድሮው ኩባንያ ውስጥ አለ።»

«የድሮው ኩባንያ ውስጥ ምን ቀርቷል?»

ልጁ መልስ አልሰጠም። ከኋላዬ የቆመ ሰው ነው «ዕዳ» ብሎ የመለሰላቸው።

ሽማግሌው ንቅንቅ አላሉም። ሰልፉ ቆመ። ይሄኔ ልጁ ወረቀቱን መለሰላቸውና ፈገግ ብሎ «ፍሬም አሰርተው ግድግዳ ላይ ይስቀሉት አባቴ፤ ጥሩ ማስታወሻ ነው» አላቸው። አጠገቡ የነበረው ጥበቃ ሳቀ። እኔ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ዕድሜ ልካቸውን ያን ክለብ ሲደግፉ የኖሩ ሰው፣ በዛ ክለብ በር ላይ፣ ከዛ ክለብ ደሞዝ በሚበሉ ሰዎች ተሳቀባቸው።

ከውስጥ አንዲት ሴት ወጣች። ድምጿን ስሰማ ወዲያው አወቅኋት። ያቺው የደወለችልኝ ናት። «ወንበር አለዎት ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?» አልኳት። አልካደችም። «እኔም አሁን የምሠራው ለአዲሱ ኩባንያ ነው» አለች። ቀጥላ የተናገረችውን እስካሁን ልውጠው አልቻልኩም፦ «በፍቅር ነው እኮ የሰጣችሁት። ማንም ትርፍ ታገኛላችሁ አላላችሁም።»

ትርፍ ማን ጠየቀ? አንዳችንም አልጠየቅንም። የጠየቅነው ገብተን መቀመጥ ነው። ገንዘቡ የት እንደገባ መስማት ነው።

የት እንደገባ ያወቅነው የኪሳራውን ሪፖርት አግኝተን ካነበብን በኋላ ነው። የድሮው ባለቤት ለክለቡ አወጣሁት የሚለው ገንዘብ ስጦታ አልነበረም። ብድር ነው፤ ወለድ ያለው ብድር። ለብድሩ ደግሞ ስታዲየሙን መያዣ አድርጎ ይዟል። እኛ ለተጫዋቾች ደሞዝ ይሆናል ብለን የሰጠነው ገንዘብ መጀመሪያ የሄደው ወደ እሱ ነው። ኩባንያ ሲከስር በብዙ አገር መያዣ ያለው አበዳሪ ከያዘው ንብረት ላይ ቀድሞ ድርሻውን ያነሳል። ሠራተኛው፣ ግብሩ፣ ዕቃ አቅራቢው ከተረፈው ይካፈላሉ። ባለአክሲዮን ከሁሉም መጨረሻ ነው። እዚያ ሲደረስ ብዙ ጊዜ የሚቀር ነገር የለም። አክሲዮናችን ድምፅ እንደሌለውም ያወቅነው ያኔ ነው። በቪዲዮው ላይ ይህ አልተነገረም።

ይህ የኛ ክለብ ብቻ ችግር ቢሆን ዝም እል ነበር። ግን ትልልቆቹም ጋ የሆነው ይኸው ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ማንቸስተር ዩናይትድ እስከ 2005 ከዕዳ ነፃ ነበር። አሜሪካዊው የግሌዘር ቤተሰብ በ790 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው፤ አብዛኛው ገንዘብ ብድር ነበር። ብድሩም ክለቡ ራሱ ላይ ተጫነ። ከዚያ ወዲህ ደጋፊው የሚከፍለው ትኬት የክለቡን መግዣ ወለድ ሲከፍል ኖረ። በ2012 አክሲዮን ኒውዮርክ ገበያ ላይ ሲወጣ ደግሞ ለሕዝብ የተሸጠው አንድ አክሲዮን 1 ድምፅ፣ ቤተሰቡ የያዘው ዓይነት ግን 10 ድምፅ ነበረው። የተቆጡ ደጋፊዎች በ2005 ወጥተው ኤፍሲ ዩናይትድ ኦፍ ማንቸስተር የሚባል የራሳቸውን ክለብ መሠረቱ።

የሬንጀርስ ይብሳል። በ2011 ክሬግ ዋይት የሚባል ነጋዴ የስኮትላንዱን ሬንጀርስ በ1 ፓውንድ ገዛ። የክለቡን የባንክ ዕዳ የዘጋው፣ ደጋፊው ገና ወደፊት የሚገዛውን የዓመት ትኬት ለሌላ ድርጅት አስቀድሞ ሸጦ ባገኘው ገንዘብ ነው። አስቡት፣ ደጋፊው ገና ከኪሱ ያላወጣውን። በ2012 የድሮው ኩባንያ ሊፈርስ ሆነ፤ ንብረቱን አዲስ ኩባንያ በ5.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። ቡድኑ ከአራተኛው እርከን ጀመረ። የድሮውን ኩባንያ አክሲዮን የያዙ ደጋፊዎች ግን ወረቀታቸውን እንደታቀፉ ቀሩ። እኔ በር ላይ የሰማሁት «የድሮው ኩባንያ ነው» የሚለው ነገር እነሱም ጋ ደርሷል።

የእንግሊዙ ክለብ ቤሪስ? እሱም በ2018 መጨረሻ በ1 ፓውንድ ተሸጠ። በ1885 የተመሠረተ፣ የኤፍኤ ዋንጫን ሁለት ጊዜ ያነሳ ክለብ ነው። ነሐሴ 2019 ላይ ደጋፊዎች ጨዋታ ይኖራል ብለው በነፃ ስታዲየሙን ሲያጸዱ ዋሉ። በዚያው ቀን ማታ ክለቡ ከሊጉ ተባረረ። ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

ደጋፊ ክለቡን መግዛት የለበትም እያልኩ አይደለም። የእንግሊዙ ፖርትስማውዝ በ2010 ኪሳራ ውስጥ ከገባ በኋላ ደጋፊዎቹ ገንዘብ አዋጥተው በ2013 ገዙት። እውነተኛ ድምፅ ስለነበራቸው በ2017 ለአዲስ ባለሀብት ሲሸጡትም በድምፃቸው ወስነው ነው። ጀርመን ውስጥ ደግሞ፣ ከጥቂት ክለቦች በስተቀር፣ ከድምፁ 50 በመቶ ሲደመር አንድ ድምፅ በክለቡ አባላት እጅ እንዲሆን የሊጉ ደንብ ያስገድዳል። እዚያ አባሉ በር ላይ ስሙ ከዝርዝር አይጠፋም። ለኛ የተሸጠልን ግን ስሙ ብቻ ድርሻ የሆነ ነገር ነው።

ምክሬ አጭር ነው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አክሲዮኑ ድምፅ እንዳለው ጠይቁ። የሚሸጠው ኩባንያ ስታዲየሙንና የሊግ ፈቃዱን የያዘው ኩባንያ ራሱ መሆኑን ጠይቁ። ባለቤቱ ለክለቡ ያበደረው ገንዘብ ካለ መያዣው ምን እንደሆነ ጠይቁ። በስልክ የሚነግሯችሁን አትስሙ፤ በጽሑፍ ይስጧችሁ። ካልሰጧችሁ ቪዲዮውን ዝጉና ተዉት።

የእኛን ወረቀት የያዛችሁ ደግሞ አትጣሉት። ሰርተፊኬቱን፣ የባንክ ደረሰኙንና የላኩላችሁን መልእክት ሁሉ አንድ ላይ አስቀምጡ። ጠበቃ እያነጋገርን ነው። ሽማግሌውም ከኛ ጋር ናቸው።